ካሜራ ይበቃል ወይስ ራዳርም ያስፈልጋል?

የአንባቢያን ጥያቄና የአዘጋጁ መልስ

ጥያቄ፦ እኔና የባለቤቴ ወንድም በመኪና ጉዳይ መስማማት አቅቶናል። እሱ የሚነዳው እ.ኤ.አ. በ2022 የተሠራ ቴስላ ሞዴል ዋይ ሲሆን ራዳር የለውም። የእኔ ቶዮታ ካሜራም ራዳርም አለው። «ሰው የሚነዳው በሁለት ዓይኑ ነው፤ ስምንት ካሜራ ላለው መኪና ራዳር ምን ይጨምርለታል?» ይለኛል። እኔ ደግሞ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመዋል ባይ ነኝ። ሁለታችንም ልጆች ይዘን በዝናብም በጉምም ረጅም መንገድ ስለምንሄድ፣ የትኛው እንደሚሻል በማስረጃ አስረዱን።
(አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

መልስ፦ ጥያቄው «የትኛው ይሻላል» ተብሎ ሲቀርብ ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ያስመስላል። ራዳር ይለካል፣ ካሜራ ይለያል፤ የሚደክሙበትም ቦታ ለየቅል ነው። ስለዚህ ከመፍረዳችን በፊት እያንዳንዱ የት ላይ እንደሚያቅተው ማየት ይገባናል።

በመኪና ፊት ላይ የሚገጠመው ራዳር የሚሠራው በአብዛኛው በ77 ጊጋኸርዝ አካባቢ ሲሆን፣ የሞገዱ ርዝመት ወደ 4 ሚሊሜትር ይጠጋል። የተላከው ሞገድ ከፊት ካለ አካል ላይ ተንጸባርቆ ሲመለስ፣ መሣሪያው ከመዘግየቱ ርቀቱን፣ ከድግግሞሹ መለወጥ ደግሞ ያ አካል የሚቀርብበትን ወይም የሚርቅበትን ፍጥነት በቀጥታ ያነባል። ጨለማ አያግደውም። ጉምም ብዙ አያስቸግረውም፤ የጉም ጠብታዎች በአማካይ የሚሊሜትር መቶኛ ያህል ብቻ ስለሆኑ ከራዳሩ ሞገድ አንጻር እጅግ ጥቃቅን ናቸው፣ ከብርሃን ሞገድ አንጻር ግን ትልልቅ ስለሆኑ ዓይንንም ካሜራንም ይጋርዳሉ። የከባድ ዝናብ ጠብታ ግን በመጠኑ ወደዚህ ሞገድ ርዝመት ስለሚቀርብ ራዳርንም በተወሰነ ደረጃ ያዳክመዋል።

ካሜራ በበኩሉ የመንገድ መስመር፣ የትራፊክ መብራት፣ የፍጥነት ምልክት፣ እግረኛና ብስክሌተኛ ምን እንደሆኑ ለይቶ ያውቃል፤ ከእነዚህ ውስጥ የመስመሩን ቀለምም ሆነ የምልክቱን ጽሑፍ ራዳር ጨርሶ ሊያነብ አይችልም። ርቀትን ግን ካሜራ አይለካም፣ ይገምታል። ከፊት ያለው መኪና በምስሉ ላይ ስንት ቦታ እንደያዘ፣ ጎማው መሬት የነካበት ነጥብ ምን ያህል ከፍ ብሎ እንደሚታይ፣ ከአንዱ ምስል እስከ ቀጣዩ ምን ያህል እንደተለወጠ እያሰላ ነው ግምቱን የሚሠራው። ሁለት ካሜራ ጎን ለጎን ሲሆን በሁለቱ ምስሎች መካከል ካለው ልዩነት ርቀቱን ማስላት ይቻላል፤ ይሁንና ዕቃው እየራቀ በሄደ ቁጥር ስህተቱ በፍጥነት እየሰፋ ይመጣል።

እስከዚህ ድረስ ፍርዱ ወደ እርስዎ ያጋደለ ይመስላል። የራዳርን ዋና ድክመት ግን ገና አላነሣንም፤ ብዙ ባለመኪናዎችም ይህን አያውቁትም። ራዳር አቅጣጫን አጥርቶ አያይም። 8 ሴንቲሜትር ያህል ስፋት ያለው አንቴና በ77 ጊጋኸርዝ የሚያየው የጨረር ስፋት ወደ 3 ዲግሪ ሲሆን፣ ይህ በ100 ሜትር ርቀት ላይ 5 ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከአንድ የመኪና መስመር ይበልጣል ማለት ነው። ብዙዎቹ የቀድሞ ራዳሮች ደግሞ ከፍታን ጭራሽ አይለዩም ነበር። በአውራ ጎዳና ላይ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ፣ ከፊት የቆመው መኪና፣ በጎን ያለው የብረት አጥር፣ ከመንገዱ በላይ የተዘረጋው ድልድይና የአቅጣጫ ሰሌዳው ሁሉም በተመሳሳይ ፍጥነት ወደ እናንተ ይመጣሉ። ራዳሩ ለእያንዳንዱ ፍሬን ቢይዝ ኖሮ በየድልድዩ ሥር ከኋላ የሚከተለው ሁሉ በላያችሁ ላይ በወጣ ነበር። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ከመጀመሪያው ጀምሮ የቆመ ነገርን ችላ እንዲል አድርገው ነው የሠሩት። መርሴዲስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1999 በኤስ ክላስ መኪናው ላይ በራዳር ርቀት የሚጠብቅ ክሩዝ ኮንትሮል (የተሞላለትን ፍጥነት በራሱ ጠብቆ የሚሄድ ሥርዓት) ሲያወጣ ዓላማው የሚንቀሳቀስን መኪና መከተል ነበር። ዛሬም የብዙ መኪኖች መመሪያ መጽሐፍ ሥርዓቱ የቆመ መኪናን ላያውቅ እንደሚችል ያስጠነቅቃል፤ የቶዮታዎን መመሪያ ገልጠው ይህንን ክፍል እንዲያነቡ አጥብቄ እመክራለሁ።

ይህ ድክመት ሕይወት አስከፍሏል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2016 በፍሎሪዳ ግዛት ዊሊስተን አቅራቢያ አንድ ቴስላ ሞዴል ኤስ፣ መንዳትን የሚያግዘው ሥርዓቱ በርቶ በሰዓት 119 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሄድ፣ መንገዱን ያቋርጥ በነበረ የጭነት መኪና ተሳቢ ሥር ገብቶ ሾፌሩ ሞተ። ያ መኪና ካሜራም ራዳርም ነበረው። ካሜራው ነጩን ተሳቢ ከብሩህ ሰማይ አልለየውም፤ ራዳሩም፣ የኩባንያው ኃላፊ በወቅቱ እንዳስረዱት፣ ከመንገድ በላይ የተሰቀለ ሰሌዳ የሚመስለውን ነገር ሁሉ ችላ እንዲል ተደርጎ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 በካሊፎርኒያ ከልቨር ሲቲ ደግሞ ሌላ ቴስላ፣ ይከተለው የነበረው መኪና መስመር ቀይሮ ሲወጣ፣ ከፊቱ ቆሞ ያገኘውን የእሳት አደጋ መኪና መታው፤ ደግነቱ የተጎዳ ሰው አልነበረም። እርስዎ «አንዱ ሲሳሳት ሌላው ያርመዋል» የሚሉት ነገር እውነት የሚሆነው ሁለቱ በተለያየ ቦታ ሲሳሳቱ ብቻ ነው። በእነዚህ አደጋዎች ግን ሁለቱም በአንድ ቦታ ነው የተሳሳቱት።

የባለቤትዎን ወንድም መኪና የሠራው ኩባንያም የተነሣው ከዚሁ ነው። ቴስላ እ.ኤ.አ. በ2016 ለራዳር ሰፊ ድርሻ ሰጥቶ የነበረ ሲሆን፣ በግንቦት 2021 ግን ለሰሜን አሜሪካ ከሚሠራቸው ሞዴል 3 እና ሞዴል ዋይ መኪኖች ላይ ራዳሩን አነሣው፤ በ2022 መጀመሪያ ሞዴል ኤስና ሞዴል ኤክስ ተከተሉ፣ በዚያው ዓመት መገባደጃ ላይ ደግሞ በፓራውልት ላይ የሚታዩትን የድምፅ ሞገድ ሴንሰሮች ማንሣት ጀመረ። ክርክራቸው፣ ራዳርና ካሜራ ሲቃረኑ የትኛው ይታመን የሚል ነበር። በወቅቱ የኩባንያው የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኃላፊ የነበረው አንድሬ ካርፓቲ በሰኔ 2021 ባቀረበው ገለጻ፣ ከፊት ያለ መኪና በድንገት ፍሬን ሲይዝ ራዳሩ እየጣለውና እየያዘው ሲደናበር፣ ካሜራዎቹ ግን ሳያቋርጡ ሲከታተሉት፣ ራዳሩ በድልድይ ሥር ያለ ምክንያት ሲያስደነብር የሚያሳዩ ምሳሌዎችን አቅርቦ ነበር። ምሳሌዎቹ እውነተኛ ይመስሉኛል፤ ሆኖም የተነጻጸረው ብዙ ጥረት የፈሰሰበት አዲስ የካሜራ ሥርዓት ከአንድ ያረጀ ራዳር ጋር መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ዛሬ ከፍታን ጭምር የሚለኩና አቅጣጫን በተሻለ ጥራት የሚያዩ ራዳሮች ገበያ ላይ አሉ።

ውሳኔው ከተወሰነ በኋላ ምን ሆነ? መጀመሪያ ላይ መሪውን የሚያግዘው ሥርዓት በሰዓት ከ75 ማይል እንዳያልፍና ከፊት ካለው መኪና የሚጠብቀው ዝቅተኛ ርቀት እንዲረዝም ለጊዜው ተገደበ። በየካቲት 2022 የአሜሪካ ብሔራዊ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር፣ መኪናቸው ባዶ መንገድ ላይ በድንገት ፍሬን እንደሚይዝባቸው ከገለጹ ባለቤቶች 354 አቤቱታዎች ደርሰውት፣ በ416,000 ያህል የ2021 እና የ2022 ሞዴል 3 እና ሞዴል ዋይ መኪኖች ላይ ምርመራ ከፈተ። ያለ ምክንያት ፍሬን መያዝ የራዳር በሽታ ብቻ አለመሆኑ በዚህ ታየ። በጥቅምት 2024 ደግሞ ይኸው መሥሪያ ቤት የፀሐይ ነጸብራቅ፣ ጉምና በአየር ላይ ያለ አቧራ ዕይታን በቀነሱበት ሁኔታ የደረሱ አራት አደጋዎችን ምክንያት በማድረግ፣ «ፉል ሰልፍ ድራይቪንግ» («ሙሉ በሙሉ በራሱ መንዳት») የተባለው ሥርዓት ያላቸውን 2.4 ሚሊዮን ያህል የቴስላ መኪኖች የሚመለከት ሌላ ምርመራ ጀመረ፤ ከአደጋዎቹ በአንዱ እግረኛ ሞቷል። ምርመራ መከፈቱ በራሱ ጥፋተኝነትን አያረጋግጥም፤ የተዘረዘሩት የአየር ሁኔታዎች ግን ካሜራ የሚደክምባቸው ናቸው።

ለዘመድዎ ፍትሕ ለመስጠት ያህል፣ ሌላውንም ወገን መናገር አለብኝ። የአውሮፓ የመኪና ደኅንነት ፈታኝ ድርጅት የሆነው ዩሮ ኤንካፕ በ2022 የፈተነው ራዳር አልባው ሞዴል ዋይ በደኅንነት አጋዥ መሣሪያዎች ዘርፍ 98 በመቶ አግኝቷል። ሱባሩም እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ «አይሳይት» የሚለውን ሥርዓቱን ለብዙ ዓመታት ያለ ፊት ራዳር፣ በሁለት ካሜራዎች እየሠራ በፈተናዎች ከግንባር ቀደሞቹ ተርታ ሲሰለፍ ቆይቷል። ፈተናዎች በአብዛኛው ጥሩ ዕይታ ባለበት ሜዳ የሚካሄዱ መሆናቸው ግን መታወስ አለበት። የእርስዎ መኪናም በዝናብ ከችግር ነጻ አይደለም። የአሜሪካ አውቶሞቢል ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2021 ራዳርና ካሜራ ያላቸውን ጭምር በፊት መስታወታቸው ላይ ውሃ በኃይል እየረጨ ፈትኗቸው፣ በሰዓት 35 ማይል ሲሄዱ ከፊት የቆመውን መኪና 33 በመቶ በሚሆነው ሙከራ ገጭተውታል። ውሃው የተረጨው መስታወቱ ላይ ነው፤ ማለትም ራዳሩ አልተሸፈነም። የቆመ ነገር ላይ ፍሬን ለመያዝ ብዙ ሥርዓቶች የካሜራውን ምስክርነት ስለሚጠብቁ፣ ካሜራው ሲታወር ራዳሩ ብቻውን ለመወሰን አይደፍርም።

«ሰው በዓይኑ ነው የሚነዳው» ለሚለው መከራከሪያ ግን ብዙ ክብደት አልሰጥም። ሰው በዓይኑ እየነዳ በጉም ውስጥ ይጋጫልና። ከአጋዥ የምንፈልገው እኛ በምንደክምበት ቦታ እንዲያግዘን እንጂ ከእኛ ጋር አብሮ እንዲታወር አይደለም። ስለዚህ ተመሳሳይ ዋጋና ተመሳሳይ ጥራት ያላቸው ሁለት መኪኖች ቢቀርቡልኝ ሁለቱም መሣሪያ ያለውን እመርጣለሁ፤ በተለይ ከፊት ያለው መኪና ፍጥነት መቀነሱን በጨለማና በጉም ለማወቅ በቀጥታ የሚለካ መሣሪያ ከሚገምት ይበልጣል። ነገር ግን ደካማ ሶፍትዌር ያለው ባለራዳር ከጥሩ ባለካሜራ ይበልጣል አልልም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሪዞና ቴምፒ፣ የኡበር የሙከራ መኪና መንገድ የምታቋርጥ ሴት ገጭቶ ሲገድል፣ ሴንሰሮቹ ከግጭቱ 5.6 ሰከንድ በፊት አግኝተዋት ነበር፤ ሥርዓቱ ግን አንድ ጊዜ መኪና፣ አንድ ጊዜ ብስክሌት፣ አንድ ጊዜ ያልታወቀ ነገር እያለ ሲዋልል ጊዜው አለፈ። የአሜሪካ መንግሥትም በሚያዝያ 2024 ባወጣው ደንብ፣ ከመስከረም 2029 ጀምሮ አዳዲስ ቀላል ተሽከርካሪዎች ሁሉ በራሱ የሚይዝ የድንገተኛ ፍሬን እንዲኖራቸው፣ እግረኛንም በቀን ብቻ ሳይሆን በጨለማም እንዲያውቁ ሲያዝዝ፣ በካሜራ ይሁን በራዳር አልወሰነም። የሚጠይቀው ውጤቱን ነው፤ ይህ አካሄድ ትክክል ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ከቻይና የገባ የኤሌክትሪክ መኪና አለኝ። ከፊት ተገጭቶ ፓራውልቱ በስቱኮ ተሞልቶ ተቀባ። ከዚያ ወዲህ በስክሪኑ ላይ በቻይንኛ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ ርቀት የሚጠብቀው ክሩዝ ኮንትሮልም አልሠራ አለ። ቀቢው በፓራውልቱ ላይ ያሉትን ክብ ክብ ነገሮች እያሳየ «ራዳሮቹን አልነካኋቸውም» ይለኛል። ምን ላድርግ?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ቀቢው ያሳየዎት ራዳሮቹን አይደለም። እነዚያ ክብ ነገሮች በድምፅ ሞገድ የሚሠሩ የማቆሚያ ሴንሰሮች ናቸው፤ የሚደርሱት ጥቂት ሜትር ብቻ ሲሆን ሥራቸውም መኪናውን ስናቆም እንዳንነካካ ማስጠንቀቅ ነው። ራዳሩ ከውጭ አይታይም። እንደ መኪናው ዓይነት ከአርማው ጀርባ ወይም ከፓራውልቱ ታችኛ ክፍል በስተጀርባ ተደብቆ ይቀመጣል፤ ከፊቱ ያለው ፕላስቲክም ውፍረቱና ቀለሙ ሞገዱን እንዲያሳልፍ ተለክቶ የተሠራ ነው። ስቱኮ በዚያ ቦታ ላይ ከተለጠፈ፣ ቀለሙ በተደጋጋሚ ተደራርቦ ከወፈረ፣ ወይም የብረት ብናኝ ያለበት የሚያብረቀርቅ ቀለም ከተጠቀመ፣ ሞገዱ ገና ሳይወጣ ይዳከማል ወይም ይጣመማል። ሥርዓቱም ይህን ሲያውቅ ራሱን ያጠፋል፤ ማጥፋቱ በተሳሳተ ልኬት ከመሥራቱ ይሻላል።

ሌላው ሊሆን የሚችለው የመያዣው መጣመም ነው። ከግጭቱ የተነሣ ራዳሩ በአንድ ዲግሪ ብቻ ወደ ጎን ቢዞር፣ በ100 ሜትር ርቀት ላይ የሚያየው ቦታ 1.75 ሜትር ይስታል፤ ይህ የመስመር ግማሽ ስለሆነ በጎን የሚሄደውን መኪና ከፊት እንዳለ ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያውን በስልክዎ ካሜራ አስተርጉመው ስለ ራዳሩ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከዚያ ፓራውልቱ ይፈታና መያዣው ይታይ። ራዳሩ ፊት ለፊት ስቱኮ ካለ መፋቅ ብዙ ጊዜ አያዋጣም፤ ያልተሞላ ፓራውልት መግጠሙ ይሻላል። በመጨረሻም ኮምፒውተርና የመለኪያ ሰሌዳ ባለው ጋራዥ አቅጣጫው መስተካከል አለበት። ከእ.ኤ.አ. 2024 መጀመሪያ ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ዓይነት ሥርዓት ያላቸው መኪኖች በመንገዳችን ላይ በዝተዋል፤ የቀለም ቤቶቻችን ግን ፓራውልትን አሁንም እንደ ተራ ፕላስቲክ ነው የሚያዩት። ሥራ ከመጀመሩ በፊት ራዳሩ የት እንዳለ ለቀቢው ማሳየት የባለመኪናው ኃላፊነት ሆኗል።

የፊት መስታወት ሲቀየርም እንዲሁ ነው። ካሜራው ከውስጥ መስታወቱ ላይ፣ ከኋላ ማሳያው አጠገብ ስለሚቀመጥ፣ አዲስ መስታወት ከተገጠመ በኋላ እንደገና መስተካከል ይኖርበታል። በዚያ ቦታ ላይ ስቲከርም ሆነ ጥቁር ፊልም አይለጠፍም።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ወደ ደሴ እመላለሳለሁ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ ከፊት ያለውን የመኪና መብራት እንኳ ማየት ያስቸግራል። አዲሱ መኪናዬ ራዳርና ካሜራ አለው፤ በእርሱ ተማምኜ መሄድ እችላለሁ? በመንገድ ላይ የሚቆሙ ከብቶችንስ ያውቃቸዋል?
(ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አይችሉም። በጉሙ ውስጥ ከፊትዎ የሚሄድ የጭነት መኪና ካለ ራዳሩ ከእርስዎ ዓይን ቀድሞ ያገኘዋል፤ ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው። በዚያ መንገድ የሚያስፈራው ግን ተበላሽቶ፣ ከኋላው ድንጋይ ብቻ ተደርድሮለት የቆመው መኪና ነው፤ ይህ ደግሞ ለመጀመሪያው ጠያቂ እንዳልነው ራዳር ብቻውን የማይታመንበት ቦታ ነው። ካሜራው በጉም ከተጋረደ ሥርዓቱ ጭራሽ ሊጠፋም ይችላል።

ከብቶችን በተመለከተ፣ የሕያው አካል ነጸብራቅ ከብረት ያነሰ ስለሆነ ራዳሩ ዘግይቶ ሊያገኛቸው ይችላል፤ ካሜራውም በዋናነት የሠለጠነው በመኪና፣ በእግረኛና በብስክሌት ምስል ነው። ለትልልቅ እንስሳት ሥርዓት ካዘጋጁት አንዱ የሆነው ቮልቮ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2017 በአውስትራሊያ ካንጋሮ እንዳስቸገረው ገልጾ ነበር፤ ሥርዓቱ ርቀትን የሚገምተው መሬትን መነሻ አድርጎ ስለነበር፣ እንስሳው ሲዘል የራቀ፣ ሲያርፍ የቀረበ መስሎ ይታየው ነበር። የእኛ በሬና አህያ አይዘሉም፤ ነገር ግን በመንጋ ሆነው፣ አንዱ ሌላውን ሸፍኖ፣ ከመንገድ ዳር በድንገት ይገባሉ።

ከሁሉም በላይ ሊጠነቀቁለት የሚገባው ጠመዝማዛው መንገድ ነው። የፊት ራዳር የሚያየው ማዕዘን በሩቁ ጠባብ ስለሆነ፣ ከፊትዎ ያለው መኪና ኩርባ ውስጥ ሲገባ ከዕይታው ይወጣል፤ በዚያን ጊዜ ክሩዝ ኮንትሮሉ መንገዱ ባዶ የሆነ መስሎት ወደ ሞሉት ፍጥነት ለመመለስ ነዳጅ ወይም ኃይል ይጨምራል። ስለዚህ ከጣርማ በር እስከ ደብረ ሲና ባለው ቁልቁለት ክሩዝ ኮንትሮሉን ያጥፉት፤ በራሱ የሚይዘውን የድንገተኛ ፍሬን ግን አያጥፉ፣ እርሱ በተለየ ቅንብር የሚሠራ ስለሆነ ክሩዝ ኮንትሮሉ ቢጠፋም ይሠራልና።